ሲልኮን አይሟሟም፦ ከተጣበቀ የመኪና ዕቃ ላይ እንዴት ነው የሚነሳው?

ኅዳር ላይ ነው፣ አንድ አይሱዙ ያላቸው ጋሼ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነው ሌሊት ሽቅብ ሲወጡ ጣርማበር ተራራ ላይ ጉም ይይዛቸዋል። ጣርማበርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ ሲተኛ የገዛ ኮፈናችሁን አታዩትም። የሳቸው ደግሞ የቀኙ መብራት ውስጡ ውሃ ቋጥሮ እንደ ኩራዝ ነው የሚያበራው፣ ግራው ብቻውን ምንም አላወጣላቸውም፣ በቃ ረዳቱ ወርዶ የስልኩን መብራት ይዞ በእግሩ እየመራቸው ነው ዋሻውን ያለፉት። ጠዋት ደብረ ብርሃን እኔ ጋራዥ ሲደርሱ ሌሊቱ ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር፣ "ልጄ፣ ይሄን ነገር ዛሬ ሳትከፍትልኝ ከዚህ አልንቀሳቀስም" አሉኝ።

ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው መብራቱ ዙሪያውን በጥቁር ሲልኮን፣ በዛ ጎማ በሚመስለው ማሸጊያ፣ ተለስኗል። ትንሽ አይደለም፣ የአውራ ጣት ውፍረት አለው፣ ስፌቱም አይታይም፣ ጀርባውም ሳይቀር ተቀብቷል። ከዚ በፊት ያየላቸው ጋራዥ ውሃ እንዳይገባ ብሎ የሠራው ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ወዲያው ቲነር አንስቶ መጣ፣ "እናርሰውና ይሟሟ" አለኝ፣ አስቀምጥ አልኩት። ይሄን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚ ነው፣ ሲልኮን አሟሟለሁ ሲል ሌላውን ዕቃ ያበላሸ ሰው በየጊዜው እያየሁ ያንገበግበኛል።

ሲልኮን አይሟሟም። ይቆረጣል፣ ያብጣል፣ ይላጣል፣ በቃ። የቱን መቼ እንደምታደርጉ የሚወስንላችሁ ከሥሩ ያለው ዕቃ ነው፣ ብረት ነው? አሉሚኒየም ነው? ፕላስቲክ ነው? ቀለም ነው? መጀመሪያ እሱን ነው የምታዩት።

ለምን አይሟሟም ለሚል፣ ነገሩ እንዲ ነው። አብዛኛው ጎማና ማስቲሽ ሰንሰለቱ ካርቦን በካርቦን የተያያዘ ነው፣ የሲልኮን ሰንሰለት ግን ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ የተያያዙበት ነው፣ ማለት አሸዋና መስታወት ውስጥ ያለው ዓይነት ትስስር ነው። ጎን ጎኑ ላይ ትንንሽ የካርቦን ቅርንጫፎች ስላሉት ነው እንደ ጎማ ለስላሳ የሆነው እንጂ አጥንቱ የአሸዋ ዘመድ ነው። ከቱቦው ሲወጣ እንደ ቅባት ፈሳሽ ነው፣ አየር ላይ ያለውን እርጥበት ሲያገኝ ግን ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይተሳሰሩና አንድ ወጥ መረብ ይሆናል። ከዛ በኋላ ወደ ፈሳሽነቱ አይመለስም።

አሁን ቤንዚን ብታፈሱበት ምን ይሆናል? ባቄላ ዘፍዝፋችሁ ታውቃላችሁ አይደል፣ ስኳር ውሃ ውስጥ ይጠፋል፣ ባቄላ ግን አይጠፋም፣ ውሃውን ጠጥታ ታብጣለች፣ ካበጠች በኋላ ግን ልጣጯ በጣት ተጫን ሲያደርጓት ይለቃል። ሲልኮንም ልክ እንደዛው ነው። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣ መረቡ ውስጥ ይገቡና ያሳብጡታል፣ መረቡ ግን አይበጠስም፣ ደርቆ ቤንዚኑ ሲተንለት ወደ ድሮው ይመለሳል። ሰው "ለሰለሰ፣ እየሟሟ ነው" ብሎ ሻይ ጠጥቶ ሲመጣ እንደነበረ የሚያገኘው ለዚ ነው። ግን ባበጠበት ሰዓት ከዕቃው ጋር የያዘበት ቦታ ይደክማል፣ የምንፈልገው ያቺን ሰዓት ነው።

እሳትም እንደዛው አይሠራም። ተራው የሞተር ሲልኮን 200 ዲግሪ ላይ እየሠራ እንዲኖር ነው የተሠራው፣ ቀዩ ደግሞ ከዛም በላይ ይችላል፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃን የረገጡት ጫማዎች ሶላቸው የሲልኮን ጎማ የሆነው ሙቀቱንም ብርዱንም ስለሚችል ነው። ስለዚ ሂት ጋን፣ ማለት ትኩስ አየር የሚነፋውን መሣሪያ፣ ይዛችሁ ብትደግኑበት ከሱ በፊት ፕላስቲኩ ነው የሚቀልጥላችሁ። ካቃጠላችሁትም የሚተርፈው ነጭ ዱቄት ነው፣ ያው አሸዋው፣ ጭሱ ደግሞ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፣ ፎርማልዲሃይድ አለው። በእሳት አታቃጥሉት።

ግን ቆይ፣ መጀመሪያ ያያችሁት ነገር ሲልኮን መሆኑን በምን አወቃችሁ? መኪና ላይ ጥቁር ሆኖ የሚያጣብቅ ነገር ሁሉ ሲልኮን አይደለም። የፊት መብራት ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የታሸገው ቡታይል በሚባል ነገር ነው፣ እሱ ዓመታት ቆይቶም አይደርቅም፣ በጣት ነክታችሁ ስትስቡት እንደ ማስቲካ ክር ይሠራል፣ ይጣበቃል። የፊት መስታወት የተያዘበት ደግሞ ፖሊዩሬታን ነው፣ እሱ ጠንከር ያለ፣ ድፍን ያለ ጎማ ነው፣ በጥፍር ስትጫኑት ብዙም አይገባም። ሲልኮን ስትጫኑት ይገባና ስትለቁት ይመለሳል፣ ላዩ ያንሸራትታል፣ እስክሪብቶ አይዝለትም። አሁንም ከተጠራጠራችሁ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቆርጣችሁ ደጅ ወጥታችሁ በፒንሳ ይዛችሁ ላይተር አሳዩት፣ ሲልኮን ከሆነ ነጭ ጭስ ሰጥቶ ነጭ አመድ ይተዋል፣ ፖሊዩሬታን ጥቁር ጭስና ጥላሸት ነው። ይሄን ከቤንዚንም ከጋራዡም ራቅ ብላችሁ ነው የምታደርጉት።

ይሄ ልዩነት ለምን ያስጨንቀኛል መሰላችሁ፣ አሠራሩ ተቃራኒ ስለሆነ ነው። ቡታይል በሙቀት ይለሰልሳል፣ 80 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሁለቱ ዕቃ በእጅ ሲለያይ ታያላችሁ። ፖሊዩሬታን ላይ ደግሞ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ጥሩ ስለሚያያዝ አሮጌውን እስከ ብረቱ አትፍቁትም፣ ንጹህ ከሆነና ካልተላጠ 1 ወይ 2 ሚሊ ያህል ትታችሁለት በሱ ላይ ነው አዲሱ የሚቀባው። ሲልኮን ግን አንድም ሳይቀር ነው የሚነሳው፣ ምክንያቱም በደረቀ ሲልኮን ላይ ሌላ ነገር በደንብ አይዝም፣ አዲስ ሲልኮን ራሱ አሮጌና የቆሸሸ ላይ አያስተማምንም። አሮጌው ላይ ደርቦ የቀባ ሰው አጣበቅኩ ብሎ ያስባል፣ ግን ከወራት በኋላ እንደ ቆዳ ይላጣል።

መስታወት ላይ አንዴ ልቁም፣ ይሄ የሰው ነፍስ ነው። የፊት መስታወት በሲልኮን የሚለጥፍ አለ፣ ርካሽ ስለሆነና እጅ ላይ ስላለ። አያደርጉትም። በአሁን መኪኖች መስታወቱ የመኪናው አካል ነው፣ ስትገለበጡ ጣሪያው እንዳይጨፈለቅ ያግዛል፣ ከሹፌሩ ጎን ያለው ተሳፋሪ ኤርባግ ሲፈነዳም ብዙ መኪና ላይ መስታወቱን ተደግፎ ነው የሚነፋው፣ ሲልኮን ያን ጉልበት አይችልም። የባሰው ደግሞ አንዴ ሲልኮን የነካው ጠርዝ ላይ ቀጥሎ የሚመጣ ባለሙያ በትክክለኛው ፖሊዩሬታን ሊለጥፍ ቢፈልግ እንኳን እንቢ ይላል፣ ፍሬሙ ላይ በዓይን የማይታይ የሲልኮን ቅባት ይቀራልና። እንደዚ ዓይነት መኪና ሲመጣልኝ ከመለጠፉ ይልቅ ማጽዳቱ ነው ቀኑን የሚበላው።

ወደ ጋሼ መብራት ልመለስ። ቲነሩን ያስቆምኩት የመብራቱ ፊት መስታወት ስላልሆነ ነው። ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ድንጋይ ሲመታው አይሰበርም፣ ግን ቲነር፣ አሴቶን፣ ቤንዚን ጠላቶቹ ናቸው። ሥራ ስጀምር አንድ የሚኒባስ መብራት ላይ አሴቶን በጨርቅ አድርጌ ጠርዙን ጠርጌ ነበር። ያኔ ምንም አልሆነም፣ ያብረቀርቃል፣ ገጥሜ ሰጠሁ። በሁለተኛው ቀን ባለቤቱ ይዞት መጣ፣ ከጠርዙ ተነስቶ ወደ መሃል የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ፣ በጥፍር ስትዳስሱት ላዩ ለስላሳ ነው፣ ስንጥቁ ውስጥ ነው ያለው። ፕላስቲኩ ሲመረት የተወጠረ ጉልበት ውስጡ አለ፣ አሴቶኑ ገብቶ ያን ውጥረት ይለቀዋል፣ ከዛ የሚያድነው ነገር የለም። መብራቱን ገዝቼ ተካሁለት። ስለዚ ፖሊካርቦኔት ባለበት ቦታ የሚፈቀደው ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ፣ ቢበዛ የፋርማሲ አልኮል ነው፣ የቀረው በእጅና በትዕግሥት ነው።

ያን ቀን ያደረግነው እንደዚ ነው። መጀመሪያ ቪቴዎቹንና ዙሪያውን የያዙትን ክሊፖች ከሲልኮኑ ውስጥ ፈልፍለን አወጣን፣ ብዙ ሰው አንዲት ቪቴ ሲልኮን ውስጥ ተደብቃ ትቀርበትና ሲስብ ጆሮውን ይሰብረዋል። ከዛ በሹል ቢላ፣ አፉን ወደ ጥቁሩ ቤት አዙረን፣ ወደ ፊቱ ፕላስቲክ በፍጹም ሳናዞር፣ ትርፍ የሆነውን ሲልኮን በቁመቱ ገመድ ገመድ እያደረግን ቆረጥነው። ስንቆርጥ ሳሙና ያለው ውሃ ጠብ ጠብ እናደርግለታለን፣ ደረቅ ቢላ ሲልኮን ውስጥ ይያዛል፣ ሲታገሉት ያመልጣል፣ እጅ የሚቆረጠውም ያኔ ነው። ገመዱን በፒንሳ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ራሱ ወደኋላ አጥፋችሁ ስትስቡት ረጅም ሆኖ ይላጣል፣ ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት ግን ይበጠስና ሥሩ ይቀራል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግማሽ ሰዓት ታተርፋላችሁ።

ስፌቱ ውስጥ ቢላ የማይገባበት ቦታ በክር ነው። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ወይ የክራር ክር ይሆናል፣ ሁለቱን ጫፍ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ በሁለት ሰው እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ መጎተት። ብረት ከብረት ጋር የተጣበቀ ከሆነ ቀጭን የሽቦ ክር ይሻላል፣ ፕላስቲክና ቀለም ባለበት ግን ናይለን፣ ሽቦ ይጭራል። ክሩ ሲሄድ ይሞቃልና በየመሃሉ ሳሙና ውሃ አጠጡት። ለበር ባጅ፣ ለስፖኪዮ መስታወት፣ ለጎን ጌጥ ሁሉ ይሄ ነው መንገዱ።

ሲልኮኑ አልቆ ከሥሩ የፋብሪካው ቡታይል ብቅ ሲል ነው ሙቀት ያመጣነው፣ ቀድሞ ቢሆን ከንቱ ነበር። በሂት ጋን፣ ራቅ አድርጋችሁ፣ አንድ ቦታ ሳታቆሙ፣ ዙሪያውን እያዞራችሁ። ሂት ጋን የሌለው የፀጉር ማድረቂያም ይሠራለታል፣ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል እንጂ። በነገራችን ላይ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚ የፈላ ውሃ ውስጥ ፎጣ ነክሮ ስፌቱ ላይ መጠቅለልም ለቡታይል ይበቃዋል፣ ፕላስቲኩንም አያቀልጥም፣ እጃችሁን ግን ጓንት አልብሱት።

እስቲ አሁን ወደ ሞተር እንሂድ፣ እዛ ነው ብዙ ጥፋት የሚሠራው። ብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች፣ ቪትዝን ጨምሮ፣ የዘይት ኮፓቸው፣ ማለት ከሞተሩ ሥር ዘይቱን የሚይዘው ገንዳ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ጓርኒሲዮን (በሁለት ዕቃ መሃል የሚገባ ተቆርጦ የተዘጋጀ ማሸጊያ) የለውም፣ በሲልኮን ዓይነት ማሸጊያ ብቻ ነው የተያዘው። ቡሎኖቹን ሁሉ ፈትታችሁ እንኳን ኮፓው አይወርድም። እዛ ጋ ካቻቪቴ አስገብቶ መፈንቀል ነው የሰው ልማድ፣ ካቻቪቴው አሉሚኒየሙን ይወጋዋል፣ የላሜራውን ከንፈር ደግሞ ያጣምመዋል፣ ከዛ በኋላ ምንም ሲልኮን ብትቀቡ ዘይት ያንጠባጥባል። ቀጭን ሰፊ ስፓቱላ፣ ጠርዙ ላይ አስገብታችሁ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያላችሁ ወደ ጎን መንዳት፣ ማሸጊያውን ትቆርጣላችሁ እንጂ አትፈነቅሉትም። ወደ ላይ መጫን የለም፣ ወደ ጎን ብቻ።

ከተከፈተ በኋላ ፊቱ ላይ የቀረውን ምን እናድርገው? ኮፓው ላሜራ ከሆነና ከሞተሩ ወርዶ እጃችሁ ላይ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ጨርቅ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክራችሁ ጠርዙ ላይ ታስተኙታላችሁ፣ እንዳይተን በፌስታል ትሸፍኑታላችሁ፣ አንድ ሁለት ሰዓት፣ ወፍራም ከሆነ ቢያድርም ጥሩ ነው። ስታነሱት ሲልኮኑ አብጦ፣ ልክ እንደ ተዘፈዘፈች ባቄላ፣ በአውራ ጣት ስትገፉት እየተጠቀለለ ይሄዳል። ግን ወዲያው ነው መሥራት፣ ከደረቀ ይመለሳል ብያችኋለሁ።

ቤንዚን ከነጭ ጋዝ ፈጥኖ ያሳብጣል፣ እውነት ነው፣ እኔ ግን ጋራዤ ውስጥ ከልክያለሁ። የኛን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ የሚጥልበት አገር ነው፣ ጠዋት ጠዋት በየጋራዡ ከሰል ይቀጣጠላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው፣ እናንተ ጠረጴዛ ላይ ስትሠሩ እሱ እዛ ጥግ ያለው ከሰል ጋ ይደርስና እሳቱን ይዞ ይመለሳል። ቤንዚን በኛ ውርጭ እንኳን ይተናል፣ ነጭ ጋዝ ግን እሳት ለመያዝ ቢያንስ 38 ዲግሪ ያህል መሞቅ ይፈልጋል። ለአንድ ኮፓ ብሎ ሰው አይቃጠልም። እጅም በባዶ አይነከርም፣ ቤንዚን በቆዳ ይገባል።

አሉሚኒየም ፊት ላይ፣ ማለትም ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)፣ የታይሚንግ ክዳን፣ የሞተሩ ሆድ፣ ምላጭ አትወዳደሩበት። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፣ አንድ ጭረት ማለት አንድ የዘይት መንገድ ማለት ነው። እኔ የምጠቀመው ወይራ ነው። የወይራ እንጨት አፉን እንደ መሮ ስላችሁ ብትይዙት ሲልኮኑን ይገፋዋል፣ ብረቱን አይጎዳውም፣ ሲደነዝዝ በቢላ ትቀርጹታላችሁ። የጀሪካን ፕላስቲክ ቆርጦ መሳልም ይሆናል። ሞተር ላይ ያለውን ፊት በምታጸዱበት ጊዜ ደግሞ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በንጹህ ጨርቅ ድፈኑ፣ ቁራጩ ወደ ውስጥ ከወደቀ ሌላ ጣጣ ነው።

በድሪል የሚሽከረከር የሻካራ ክብ ብሩሽ የሚጠቀሙ አሉ፣ ያፈጥናላ። እባካችሁ ተዉት። ከዛ ክብ ላይ የሚረግፈው ዱቄት አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፣ የቢላ መሳያ ድንጋይ የሚሠራበት ነገር፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚያርፍበትን ይበላዋል። ጄኔራል ሞተርስ ለራሱ መካኒኮች በጻፈው መመሪያ ላይ ሳይቀር ሞተር ውስጥ እንዳይጠቀሙበት አስጠንቅቋል። የብርጭቆ ወረቀትም ያው ነው። ፊቱ የሚያምረው አሁን ነው፣ ሞተሩ የሚሞተው በኋላ።

ሲልኮን ራሱም ሞተር ይገድላል፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቪትዝ የዘይት መብራቷ በርቶ መጣች፣ ዘይቷ ሙሉ ነው፣ ንጹህ ነው። ኮፓውን አውርደን ዘይት የሚመጥጠውን ወንፊት ስናይ ቀይ ቀይ ትል የሚመስል ሲልኮን ተጠቅጥቆበታል፣ ከወራት በፊት ሌላ ቦታ ኮፓው ሲገጠም በጣም ወፍራም አድርገው ቀብተውት ነበር። ቡሎን ሲጠብቅ ትርፉ ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ነው የሚወጣው፣ የውጩን ጠርገን እናሳምራለን፣ የውስጡን ማን ያየዋል? ዘይት እየነካው ይቆረጥና ወንፊቱ ጋ ይሄዳል። የዛችን ቪትዝ ወንፊት በሽቦ እየለቀምኩ ነው ያጸዳሁት፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ሃያ የሚጠጋ ቁራጭ አወጣሁ። ስለዚ ስትቀቡ 2 ወይ 3 ሚሊ ውፍረት ያለው አንድ መስመር፣ ከቡሎን ቀዳዳው በውስጥ በኩል ዞሮ፣ በቃ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰውም አይለቀምም።

ቤንዚን ሞተር ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ የምትገዙት ሲልኮን ለኦክስጅን ሴንሰር የማይጎዳ መሆኑ ቱቦው ላይ መጻፍ አለበት። ያልሆነው ሲደርቅ የሚወጣው ትነት ሞተሩ ውስጥ ይገባና ይቃጠላል፣ የጭስ መውጫው ላይ ያለውን ሴንሰር በዛው በአሸዋው ነገር ይለብጠዋል፣ ከዛ ሴንሰሩ ይታወራል፣ ነዳጅ ይበላል።

ሲልኮን የሚበላ ኬሚካል የለም ወይ የሚለኝ አለ። አለ፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ማንሻ አለ፣ አሲድነት ያለው ነገር ከሟሟ ጋር ተቀላቅሎበት ቀስ እያለ ሰንሰለቱን ይቆርጠዋል። ይሠራል፣ ግን እሱም የሚሠራው በቀጭኑ ላይ ነው፣ ወፍራሙን መጀመሪያ በቢላ ካልቀነሳችሁለት ሙሉ ጣሳ ብታፈሱ አይደርስበትም። ስትጨርሱ በደንብ ታጥቦ ይጸዳል። ኮስቲክ ሶዳ የሚሞክሩ አሉ፣ አሉሚኒየም ላይ ከሆነ በፍጹም፣ ሲልኮኑን ሳይጨርስ ቴስታታውን ነው የሚበላው።

ላሜራና ቀለም ላይ ብዙ አልልም፣ በጥፍርና በወይራ እንጨት ይነሳል፣ የቀረውን በነጭ ጋዝ ታሻሹታላችሁ። ነገር ግን ያ ቦታ በኋላ ቀለም የሚቀባ ከሆነ ለቀለም ቀቢው ሳትነግሩት እንዳታልፉ። ቅንጣት የሲልኮን ቅባት ካለ አዲሱ ቀለም እዛ ቦታ ላይ አይተኛም፣ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል፣ ሙሉ በር ዳግም ይፋቃል። ሲልኮን ያጸዳችሁበትን ጨርቅ ሌላ መኪና ላይ አትጠቀሙበት፣ ጣሉት። ተራ መስታወት ላይ ከሆነ ደግሞ ሳሙና ውሃና ምላጭ፣ አለቀ።

አሁን የመጨረሻዋ ስስ ሽፋን። ሁሉም ነገር ተላጥቶ ንጹህ መስሎ ሲታይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። የማይታይ ቀጭን ቅባት ቀርቷል፣ አዲሱን ማሸጊያ የሚያስለቅቀው እሱ ነው። በንጹህ ጨርቅ አልኮል አድርጋችሁ ትጠርጋላችሁ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በየጥራጊው የጨርቁን ገጽ እየቀየራችሁ፣ ወዲያ ወዲህ ካሻሻችሁት ቅባቱን እያዞራችሁ ነው እንጂ እያነሳችሁ አይደለም። ከዛ ብረት ወይ መስታወት ከሆነ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ውሃው ተዘርግቶ እንደ ብርድ ልብስ ከሸፈነው ንጹህ ነው፣ እየተሰበሰበ ዶቃ ዶቃ ከሆነ ሲልኮኑ አሁንም አለ። በኛ አገር ጠዋት ላይ ከሆነ ትንፋሽም ይበቃል፣ እፍ ትሉበታላችሁ፣ ጉሙ እኩል ከያዘና እኩል ከጠፋ ጥሩ፣ የሆነች ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ወይ ደሴት ሠርቶ ከቀረ እዛች ቦታ ተመለሱ። እኔ ሦስት አራቴ የምመለስበት ጊዜ አለ።

ስትመልሱት ደግሞ የአየሩን ነገር አስቡ። ሲልኮን የሚደርቀው በእርጥበት ነው፣ በ24 ሰዓት 2 ወይ 3 ሚሊ ያህል ነው ወደ ውስጥ የሚገባለት፣ ያውም ሞቅ ባለ አየር። ሸዋ ሮቢት ላይ ማታ ቀብቶ ጠዋት የሚነዳ ሰው እዚህ ደብረ ብርሃን በኅዳር ደረቅ ብርድ ያንኑ ቢያደርግ ላዩ ቆዳ ይዞ ውስጡ ገና እርጥብ ሆኖ ያገኘዋል። ኮፓ ከሆነ ዘይት ከመሙላታችሁ በፊት በብርድ ጊዜ ሙሉ አንድ ቀን ስጡት፣ ቸኩሎ ከሚያፈስ ሹፌር ጋር ከመጨቃጨቅ ይሻላል። የፊት መብራት ከሆነ ግን ሲልኮን አትመልሱበት፣ ቡታይል ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ይከፍተዋልና።

የጋሼ መብራት ሲከፈት ውስጡ ከተጠራቀመው ውሃ ሌላ ምንም ስንጥቅ የለውም። ግራ ገባኝ፣ በዚህ ሁሉ ሲልኮን መሃል ውሃው በየት ገባ? ኋላ ጀርባውን አገላብጬ ሳጸዳ ነው ያገኘሁት። መብራት ድፍን ሆኖ አይሠራም፣ ይተነፍሳል፣ ጀርባው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ወይ የጎማ ቱቦ አለው፣ ሲሞቅ አየሩ ይወጣበታል፣ ሲበርድ ይገባበታል፣ እርጥበቱም በዛው ነው የሚወጣው። የድሮው ሠሪ ውሃ እንዳይገባ ብሎ እሱንም በሲልኮን ደፍኖታል። ስለዚ መብራቱ ሲበርድ በሆነች ሽንቁር እርጥብ አየር እየሳበ፣ የሳበውን የሚያስወጣበት እያጣ፣ ጣርማበርን በወጡ ቁጥር ጤዛ ሲያጠራቅም ነበር።

ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። "ታዲያ አፍኖት ነበር በለኛ" አሉ። ቀዳዳዋን በስቴኪኒ ፈልፍዬ፣ የቀረውን ቁራጭ በፒንሳ ጫፍ ስቤ ሳወጣው ትንሽ ጥቁር ጎማ ነች። ውስጡን አድርቀን፣ ቡታይሉን ቀይረን፣ ዘግተን፣ በባሊ ውሃ ደፋሁበት፣ ከዛ አብርተን ግማሽ ሰዓት አቆየነው፣ ጤዛ የለም። እሳቸው ግን አላመኑም፣ ማታ ድረስ ጠብቀው ብርዱ ሲገባ አብርተው አጥፍተው፣ እንደገና አብርተው፣ የመብራቱን ፊት በእጃቸው ዳብሰው ነው የሄዱት።